የዓይን እድር

ኢክራም ጠብታ የሚባለውን ጨዋታ ስትመታ ማየት የጀመርኩት ባሌ አራጋው የአልጋ ቁራኛ የሆነ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የዓይን እድር አባል አልነበርኩም። ጎረቤቶቼ በጠዋት ወንበር ሊይዙ ወደ አዳራሽ ሲሮጡ እኔ ጓሮዬ ገብቼ ጎመኔን እኮተኩት ነበር። ሰው ሲጫወት አይቼ ምን ላተርፍ ነው እል ነበር። ኮምቦልቻ ውስጥ እንዲህ የምል እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀረሁም። ጎረቤቴ ዘይነባ «አንቺ ሴት፣ ስትሞቺ ጎመኑ ይቅበርሽ» ትለኝ ነበር።

ጨዋታው ከባድ አይደለም። ዘፈን ይሄዳል፣ ከላይ መብራት እንደ ዝናብ ይንጠባጠባል፣ ከታች መስመር አለ። መብራቷ መስመሩን በነካችበት ቅጽበት ኢክራም በጣቷ ትመታታለች። ከገጠመላት ስክሪኑ «ልክ» ይላል። ከፈጠነች «ቀደመ»፣ ከቆየች «ዘገየ»፣ ጭራሽ ካልመታቻት «አለፈ»። ይኸው ነው። ልጅቷ ይህን ስታደርግ ትውላለች፤ እኛ ደግሞ ስታደርግ ስናያት እንውላለን። በከተማችን መቺ እሷ ብቻ ነበረች፤ ሌላው ሕዝብ ታዳሚ ነው።

አዳራሹ የድሮ ፋብሪካ መጋዘን ነው። የኢክራም ቤት ከአዳራሹ ጀርባ በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነው፤ ዞር ብለን በመስኮቷ ብንመለከት ራሷን እናያት ነበር። ግን ያ አይቆጠርም። የሚቆጠረው በስክሪን ያየናት ነው።

ከየወንበሩ በላይ አንዲት ትንሽ መብራት ተሰቅላለች። ዓይንሽም ልብሽም ስክሪኑ ላይ ከሆነ አረንጓዴ ትሆናለች። ዓይንሽ እዚያው ሆኖ ልብሽ ምድጃ ላይ ስለጣድሽው ወጥ ካሰበ ትቀላለች። እንዴት እንደምታውቅ አልጠየቅኩም። አራጋውም ልቤ የት እንደሄደ ያውቅ ነበር፣ እሱንም እንዴት አወቅህ ብዬው አላውቅም።

የእድሩ ደንብ አንድ ነው፤ ያየ ይታያል። ብዙ አረንጓዴ የቆጠረ ሰው ልጁን ሲድር፣ ክርስትና ሲያነሳ፣ ሲሞትም፣ አዳራሹ ሙሉ ዓይን ይመደብለታል። የወርቅያንሱ ልጅ ስትዳር ሙሽሮቹ ባዶ ድንኳን ውስጥ ሁለቱ ብቻቸውን ጨፈሩ፤ እኛ አዳራሽ ተቀምጠን አየናቸው። ምሳው በሣህን በሣህን ሆኖ በየወንበራችን መጣልን። ወርቅያንሱ ደስታዋን አልቻለችውም። «አንድም ቀይ መብራት አልነበረም እኮ» እያለች ወሩን ሙሉ ስታወራው ከረመች።

ለቅሶም እንዲሁ ነው። ሟችን የማዘጋጃ ቤት መኪና ይመጣና ይወስደዋል። ሹፌር የለውም። በሩን ራሱ ይከፍታል፣ ራሱ ይዘጋል፣ መንገዱን ያውቀዋል። ሰው አዳራሽ ቁጭ ብሎ መኪናው ሲሄድ ያያል፣ ወንበሩ ላይ ያለችውን የሐዘን ቁልፍ ይጫናል፣ ከዚያ ኢክራም ትቀጥላለች።

ይህ ነገር አራጋውን አበሳጨው። አራጋው ዕድሜውን ሙሉ የድሮው እድር ድንኳን ተካይና ቃሬዛ አሰላፊ ነበር። ቃሬዛ ማሰለፍ ሥራ አይመስልም፤ እሱ ግን ይጨነቅበታል። ረጅሙን ከረጅም፣ አጭሩን ከአጭር ያጋጥማል። «ሬሳ ማዘንበል የለበትም፤ በሕይወቱ ያዘነበለው ይበቃዋል» ይላል። አዲስ ሰው ሲተዋወቅ ፊቱን ትቶ ትከሻውን ይለካው ነበር። እኔንም ያጨኝ ጊዜ አባቴን «ቁመትህ ከወንድሜ ጋር ይሄዳል» እንዳለው እስከ ዛሬ ያወሩልኛል።

«ማን ይሸከመኛል?» አለኝ አንድ ቀን ከአልጋው ሆኖ።

«ገና መቼ ሞትክና።»

«ስሞት ልጠይቃቸው?»

«መኪናው አለ አይደል እንዴ።»

«መኪናውን ለወደደው ይስጡት። የዚህን ከተማ ሰው ግማሹን በዚህ ትከሻዬ አድርሻለሁ፤ እንደ ሲሚንቶ ተጭኜ አልሄድም። አራት ትከሻ ነው የምፈልገው። አንድ ቢጎድል አልቀበርም።»

«አልቀበርም ብለህስ የት ልትሄድ?»

«የትም አልሄድም። እዚሁ ነኝ። የምትቸገሪው አንቺ ነሽ።»

እንዲህ ሲል ይስቃል፤ ግን ሌሊት ሲገላበጥ «አራት» ሲል እሰማው ነበር። ስለዚህ ገባሁ። እድር እድር ነው ብዬ ነው። ዓይን ከሰጠሁ ዓይን ይሰጡኛል፤ ዓይን ካለ እግር ይከተላል፤ እግር ካለ ትከሻ አለ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ሒሳቤ እስከዚህ ነበር።

ዓይኔን ሳልነቅል ተቀመጥኩ። ምስር መልቀም ተውኩ፣ ጎመኑ ደረቀ። ልቤ ወደ አራጋው ሲሸሽ መብራቷ ትቀላለች፣ እኔም እንደ ጥጃ ጎትቼ እመልሰዋለሁ። መጨረሻ ላይ ተማርኩት። ስለ ባሌ ሳላስብ መዋል ቻልኩ። የዓይን እድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ሲራጅ አንድ ቀን በሰው ፊት «ትርንጎን እዩ፣ እንደ ሜዳ ለምልማለች» ብሎ አመሰገነኝ።

ከዚያ የትልቁ ግጥሚያ ቀን መጣ።

ኢክራም የምትገጥመው ከአንዲት የሩቅ አገር መቺ ጋር ነበር። ሳታሳልፍ የመታቻቸው መብራቶች ሰንሰለት ይባላሉ፤ የእሷ ሰንሰለት በዚያን ጊዜ በእኛ አህጉር ከሁሉ የረዘመ ነው ተባለ። አዳራሹ ሞልቷል፤ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ዘፈኑ ተጀመረ። ማን እንደሠራው አላውቅም፣ ምናልባትም ማንም አልሠራውም። ብቻ ከሆዱ ውስጥ የእኛን የሠርግ ምት ከተውበታል።

የእኛ ጭብጨባ የሁለት ወገን ነው። ጀማሪዋ ታጨበጭብና መጨረሻዋን ትተዋታለች። ያቺን የተተወችውን የወዲያኛው ረድፍ ይሞላታል። ጀማሪዋ ራሷ ብትሞላት ስስታም ትባላለች፤ ለሰው አታስቀርም ይሏታል። የወዲያኛው ረድፍ ሳይሞላት ከቀረ ደግሞ የባሰ ነው፤ ሰላም ተብሎ አለመመለስ ነው። እናቶቻችን በዚህ ተኳርፈው ሳይነጋገሩ የቀሩ አሉ።

በአዳራሹ ማጨብጨብ ክልክል ነው። የወደደ ሰው ቁልፍ ይጫናል። እኔም አውቄዋለሁ። እጄ ግን ተነሳ። አጨበጨብኩና መጨረሻዋን ተውኳት።

ከኋላዬ ዘይነባ ሞላቻት። ምን ታድርግ፤ የተተወች ጭብጨባ ጆሮ ውስጥ እንደ ገባ ውኃ ናት፣ ካላፈሰስሻት አትለቅም። ደገምኩ፤ ወርቅያንሱና ሌላዋ ጎረቤቴ አሰገደች ገቡ። በሦስተኛው አዳራሹ በሙሉ ተቀበለ። ግድግዳው አንድ ነው ብያችኋለሁ፤ ኢክራም ወዲያ ማዶ ሆና ሰማችው። ጣቷ መብራቱን ትቶ እኛን ተከተለ።

አለፈ። አለፈ። አለፈ።

ሰንሰለቷ ተበጠሰ። ትንሽ ቆይቶ የአዳራሹ በር ተከፈተና ኢክራም በጫማዋ ሳይሆን በካልሲዋ ገባች። እሷን በአካል ካየናት ቆይቶ ነበር፤ ከሲታ ሆናለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ዞሮ ሲያያት ጊዜ መብራቱ በሙሉ ቀላ።

«እትዬ ትርንጎ፣ ምን አደረግኩሽ?» አለችኝ።

«ምንም አላደረግሽኝም፣ እናቴ። እጄ ነው።»

«እጅሽን ቤት ጥለሽው ነዪ እንግዲህ።»

«ቤት የሚቀርልኝ ቢሆንማ አራጋውን ያገላብጥልኝ ነበር።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ሰንሰለት የበጠሰ መቺ ወንበሩን ያጣል፤ በማግስቱ ከእኛው መካከል ታዳሚ ሆና ተቀመጠች።

ጋሽ ሲራጅ እኔንና መጀመሪያ የተቀበሉኝን ሦስቱን ጠራን። ጋሽ ሲራጅ ረጅም ሰው ነው፤ በር ሲገባ ጎንበስ ማለት ለምዶ ሜዳ ላይም ጎንበስ ይላል።

«ደንቡን አንብበሻል?» አለኝ።

«አንብቤዋለሁ ብዬ አልዋሽህም።»

«አጨብጫቢ ይወጣል ይላል። ያየሽው ሁሉ ተሰረዘ። የሦስታችሁም እንዲሁ።»

ዘይነባ «እኔ አልጀመርኩ፣ ተቀበልኩ እንጂ» አለች።

«መቀበልስ ማን አዘዘሽ?»

«እናቴ» አለችው።

ጋሽ ሲራጅ እናቷን ያውቃት ነበር። እኔ ግን ልቤ ሌላ ጋ ነው።

«ዓይኑን ውሰደው፣ ጋሽ ሲራጅ» አልኩት። «ትከሻውን ብቻ አትከልክለኝ።»

«የምን ትከሻ?»

«የአራጋውን ቃሬዛ የሚሸከም። አራት ነው የሚፈልገው።»

 ቀስ ብሎ፣ ለታመመ ሰው እንደሚናገሩት፣ «ትርንጎ፣ እድሩ የሚሰጠው ዓይን ነው። ዓይንሽ ባይሰረዝም ትከሻ የሚባል ነገር ደንቡ ውስጥ የለም። ታዳሚ ከወንበሩ ከተነሳ መብራቱ ይቀላበታል። ለሟቹም አይቆጠርለትም» አለኝ።

ለዚህ ነው ጎመኔ የደረቀው።

ቤት ገብቼ ለአራጋው ነገርኩት። ይናደዳል ብዬ ነበር። እሱ የያዘው ሌላ ነው።

«ሲራጅ?» አለ። «ከፊት በቀኝ ነበር የማስገባው። እንዴት ያለ ትከሻ ነበረው። ተቀምጦ አበላሸው።»

ብዙም ሳይቆይ ኢክራም ቤቴ መጣች። አልተቀመጠችም። «እትዬ፣ እጅሽን ይፈልጉታል» አለች።

«እነማን?»

«የጠብታ ሰዎች።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢክራም ሰንሰለቷን ስትሠራ ካያት ሰው ይልቅ ሲበጠስባት ያያት በዛ። ያን ጭብጨባ ደጋግመው ሰሙት፣ ወደዱት፣ ቆራረጡና መብራት አደረጉት። አሁን «የትርንጎ እጅ» የሚባል ጨዋታ አለ፤ መብራቱ ሲወርድ በጣት ሳይሆን በጭብጨባ ይመታል። መጀመሪያ የምትመታው ባለቤቷ ትሁን ብለዋል።

ስክሪኑን ከአራጋው አልጋ ፊት ለፊት ተከሉልን። ኢክራም አጠገቤ ቆማ ልታሳየኝ ሞከረች። ዘፈኑ ሄደ፣ አጨበጨብኩ፣ ልክ፣ ልክ፣ ልክ። መጨረሻዋ መብራት ወረደች። ዝም ብዬ አሳለፍኳት።

አለፈ።

«እትዬ፣ መጨረሻዋንም ምቻት እንጂ።»

«የእኔ አይደለችም።»

«የማን ናት?»

«የተቀባይ።»

«ተቀባይ የለም እኮ። አንቺ ብቻ ነሽ።»

«እሱን ነው የምልሽ።»

ሞክሬያለሁ። ልዋሽ አልፈልግም፣ እልኸኛ ነኝ፤ ይህን ግን በእልህ አልተውኩትም። እጄ እዚያ ሲደርስ ራሱ ይቆማል። በማግስቱም አለፈ፤ በሦስተኛውም አለፈ። አንዲት በረዶ አገር ያለች ልጅ የትርንጎን እጅ አንድ ሳታጎድል መታችው። ሌሎችም ተከተሏት። የትርንጎን እጅ በመምታት ትርንጎ ከዓለም መጨረሻ ሆነች።

ሰው ይህን ወደደው። «ዛሬ ትመታት ይሆን?» እያሉ ከየአገሩ ያዩኛል። ተኝተው የሚነሱበት ሰዓት ሳይገጥም፣ ቋንቋዬን ሳያውቁ፣ አንዲት ወፍራም ሴት እጇን አየር ላይ ስትተው ለማየት ይቀመጣሉ። አንዲት ሴትዮ አልቅሳለች አሉኝ። አንዱ ደግሞ ታስተኛኛለች ብሏል። ቁጥሩን ኢክራም ስትነግረኝ የሚሊዮን ስም ነበረው፤ ከዚያ በላይ ማወቅ አላሻኝም።

ያን ሰሞን ነው አራጋው የጀመረው። እኔ ስተዋት እሱ ከጀርባዬ በጣቱ አንጓ የአልጋውን እንጨት ይመታል። ቋ። ትክክል ቦታዋ ላይ። ስክሪኑ የሚሰማው የእኔን እጅ ብቻ ስለሆነ «አለፈ» ማለቱን አልተወም። ሚሊዮኑም አልሰማም። እኛ ግን እየሞላን ነበር።

«ተባረክ» አልኩት የመጀመሪያ ቀን።

«ስስታም እንዳይሉሽ ብዬ ነው» አለኝ።

ጋሽ ሲራጅም መጣ፣ በሩ ላይ ቆሞ። መቀጫው ተነስቶልሻል ሊለኝ ነው ብዬ ወንበር አቀረብኩ። «አልቀመጥም» አለ። «ልነግርሽ የመጣሁት፣ አሁን መቺ ሆነሻልና የእድር ነገር ላንቺ አይመለከትሽም። መቺ ታዳሚ አይሆንም። የዓለም ዓይን እያለሽ የእኛ ምን ይጨምርልሻል?»

አራጋው ከአልጋው ሆኖ «ሲራጅ፣ ትከሻህ እንዴት ነው?» አለው።

«ደህና ነው፣ አራጋው። ያመኛል ትንሽ።»

«ያማል፤ ካልተሸከመ ያማል» አለው። ሲራጅ ጎንበስ ብሎ ወጣ።

እንዲህ ስንል ክረምቱ ወጣ። አራጋው እህል ተወ። አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ ፊቴን ታጥቤ፣ ሻሼን አስሬ ስክሪኑ ፊት ቆምኩ። ዘፈኑ ሄደ። አጨበጨብኩና ተውኳት።

አልተሞላችም።

ደገምኩ። ተውኳት። ዝም።

አልዞርኩም። ለሦስተኛ ጊዜ አጨበጨብኩ፣ ተውኩ፣ ጠበቅኩ። ስክሪኑ «አለፈ» አለ። ከዚያ ዞርኩ። እጁ እንጨቱ ላይ ነበር።

በዚያች ሰዓት የነበረኝ ዓይን ከዚያ በፊት ያልታየ ነው ብላ ኢክራም ኋላ ነገረችኝ። ሰዎቹ እንዴት እንዳወቁ እንጃ፤ ወሬው ዞረ። የሐዘን ቁልፍ እንደ ዶፍ ወረደልኝ። የጠብታ ሰዎች አንዲት ትንሽ በራሪ ዓይን ላኩ፤ ከራሴ በላይ ተንጠልጥላ የምትከተለኝ። አራጋው የፈለገው ዓይን ቢሆን ኖሮ እንደሱ ያለ ቀብር ያየ ንጉሥም የለም።

መኪናው መጣ። ግቢዬ በር ላይ ቆሞ ኋላውን ከፈተ። በለሰለሰ የሴት ድምፅ «እባክዎ ሟችን ያስገቡ» አለኝ።

«አይገባም» አልኩት።

«እባክዎ ሟችን ያስገቡ።»

በሩን ዘጋሁበት። እንደገና ከፈተው። እንደገና ዘጋሁት። ይህንንም ሰው ሲያይ ነበር፤ ብዙዎች ወደውታል አሉ።

ከጓሮ የድሮውን ቃሬዛ አወጣሁ። አራጋው የድሮው እድር ሲፈርስ ማንም የማይፈልገውን እሱ ወስዶ ጎመኑ አጠገብ አቁሞት ነበር። ከዚያ ከአዳራሽ የተባረሩትን ሦስቱን ጠራሁ። ሌላ የምጠራው አልነበረኝም። ከተማው በሙሉ አዳራሽ ተቀምጦ የባሌን ቀብር እያየ ነው።

«ሴት ሬሳ ትሸከማለች እንዴ?» አለች አሰገደች።

«ወንድ ካገኘሽ ጥሪልኝ።»

ግራ ቀኝ አየች። መንገዱ ጭር ብሏል። ነጠላዋን አጥብቃ ታጠቀች።

ዘይነባ ከኋላ ገባች፤ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» እያለች። ወርቅያንሱ ከአጠገቧ፤ «እግዚኦ» እያለች። አሰገደች ረጅም ናት፣ እኔ አጭር ነኝ፤ ከፊት እኛ ያዝን። ስናነሳው አራጋው ወደ እኔ ተንሸራተተ። ከሲታ ሆኖ ነበር፤ ሲሸከሙት ግን ከባድ ነው። መኪናው በሩን እንደከፈተ በቀስታ ይከተለን ጀመር። «እባክዎ ሟችን ያስገቡ» ይላል በየመሀሉ። በራሪዋም ከላይ።

ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ በአዳራሹ በር ያልፋል። እዚያ ስንደርስ ዳገቱ ሊጀምር ነው። ወርቅያንሱ በነፃ እጇ ጉልበቷን ያዘች። «ትርንጎ፣ አልችልም» አለች። «እምልሽ አልችልም። እናስቀምጠው።»

ካስቀመጥነው መኪናው ይወስደዋል። ቆምን።

በሩ ዝግ ነው። ዝገት የበላው ቆርቆሮ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ በሰማያዊ ቆርቆሮ ተለጥፏል። ወዲያ ማዶ ሰው ሁሉ አለ። ውስጥ የሆነውን ኢክራም ናት የነገረችኝ። ሁሉም አረንጓዴ ሆነው እያዩን ነበር። ቃሬዛ የተሸከሙ አራት ሴቶች አንድ በር ላይ ቆመው አዩ። «የማን በር ነው?» አለ አንዱ። «ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው፣ አይከፍቱላቸውም?» አለ ሌላው። «ጨካኞች» አሉ፤ የሐዘን ቁልፍ ተጫኑ። ጋሽ ሲራጅ ብቻ ሰማያዊውን ልጥፍ ያየው ነበር። ልጥፉን የለጠፈው እሱ ነው።

እኔ ይህን አላውቅም። ልጣራ ብዬ ነበር፤ ትንፋሽ አልነበረኝም። አንድ እጄ ቃሬዛውን ይዟል፣ አንዱ ነፃ ነው። በመዳፌ ቆርቆሮውን መታሁ። የሠርጋችንን ምት። መጨረሻዋን ተውኳት።

ከውስጥ ድምፅ የለም።

ደገምኩ። ተውኩ። ትከሻዬ ተቃጠለ። ከኋላዬ ወርቅያንሱ እያለቀሰች ነው፤ ለአራጋው ይሁን ለጉልበቷ አልጠየቅኳትም።

ለሦስተኛ ጊዜ መታሁ። ተውኳት።

ቋ።

አንድ እጅ ነበር፤ ቀጭን፣ ትክክል ቦታዋ ላይ። ኢክራም ናት። ከወንበሯ ተነስታ ነበር አሉ፤ መብራቷ ቀልቶ። እንደገና መታሁ፤ አሁን ብዙ እጅ ሞላት። እንደገና፤ አዳራሹ በሙሉ ሞላት፣ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ መወርወሪያው ሲሳብ ሰማሁ።

በሩን የከፈተው ጋሽ ሲራጅ ነው። ፀሐይ ዓይኑን ወጋችው፤ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ቃሬዛውን አየ። ከኋላው አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነበር።

«በየት በኩል ልግባ?» አለኝ።

«ከፊት በቀኝ» አልኩት።

አሰገደችን አስለቀቃት። ኋላውን ሁለት ወንዶች ተቀበሉ። ሌላ ሰው እኔንም ሊያስለቅቀኝ መጣ፤ አልለቀቅኩም። ተው አለው ሲራጅ፣ ያውቀኛል። ሰው ከአዳራሹ እየወጣ ተከተለን። ፀሐይ ስላልለመዱ እየተደናቀፉ ነው፤ አንዳንዱ መንገዱ በየት ነው ይላል። ዳገቱን ስንወጣ አንዱ ሲደክመው ሌላው ይገባል፤ አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ይዘገያል፤ ምት የሚባል ነገር አልነበረንም።

የሩቅ ዓይኖች ይህን አልወደዱትም። በሩ የተከፈተ ጊዜ ብዙ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ሰው ዳገት ሲወጣ ነው፣ ምን ያያሉ። ቀስ በቀስ ሄዱ። መኪናውም ግማሽ መንገድ ላይ በሩን ዘግቶ ተመለሰ። ጉድጓዱ አፋፍ ስንደርስ በራሪዋ ከአንድ የወይራ ቅርንጫፍ ላይ አርፋ መብራቷን አጠፋች። ኢክራም ቀና ብላ አየቻትና «አሁን ማንም የሚያየን የለም» አለችኝ። ዞር ብዬ አየሁ። ግቢው ሙሉ ሰው ነበር።

አራጋው የሚያማርረው አንድ ነገር አላጣም። ሲራጅ ረጅም ነው፣ እኔ አጭር ነኝ። ቃሬዛው እስከ መቃብሩ ድረስ ወደ እኔ እንዳዘነበለ ሄደ።